በበሬ የገባ

ጉሮሮ ቁልቁለቱን በሩጫ ሲወርድ ነጋሪቱ ጎኑን ይነርተው ነበር። ምድር ከእግሩ ሥር ታጉረመርማለች። ዞር ብሎ ማየት አማረውና ፈራ። ከኋላው የሚመጣው ጦር አልነበረም፤ ናዳም አልነበረም። እህቱ ነበረች፤ የወፍጮ ድንጋይ ይዛ።

«ይዛ» ስል በእጇ እንዳይመስላችሁ። ያ ድንጋይ ሲቆም ከፎቅ ቤት መስኮት ጋር ይተያያል። መሃሉ ላይ በተፈለፈለው ቀዳዳ ሰው ጎንበስ ሳይል ያልፋል፤ ባርኔጣ ያደረገ ከሆነ ግን ቢያወልቅ ይሻለዋል። በዚያ ቀዳዳ አንድ ሙሉ የዛፍ ግንድ አሳልፈው ድንጋዩን እንደ ጋሪ ጎማ አቁመውታል። ከግንዱ ጫፍና ጫፍ ገመድ ታስሯል። ግማሹ ከተማ ከፊት ሆኖ ይጎትታል፤ ግማሹ ከኋላ ሆኖ ቁልቁለቱ እንዳይነጥቀው ወደ ኋላ ይይዛል። አንጥረኛው አለ፣ ዳቦ ጋጋሪዎቹ አሉ፣ ልብስ ሰፊው መርፌውን አንገትጌው ላይ እንደሰካ አለ። ገመድ ሲያልቅ መጋረጃ ተገመደ። መጋረጃ ሲያልቅ ፀጉር አስተካካዩ ዓመት ሙሉ የሰበሰበውን ፀጉር አምጥቶ ገመደው፤ ከሁሉ የጠነከረውም እሱ ነበር ይባላል። እኔ አልጎተትኩትም፤ የጎተቱት ናቸው የሚሉት።

በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል አንድም በሬ አልነበረም። በሬዎቹ መንገድ ዳር ቆመው እያመሰኩ ሰው ሲጎትት ያያሉ። አንዱ ሰባ ያለው፣ ነገሩ ሳይደንቀው አልቀረም፣ ከሰልፉ ኋላ ቀስ እያለ ይከተል ነበር።

በዚያች ከተማ ዓለም ተገልብጣለች። የገለበጣት ጉሮሮ ነው። እሱ ራሱ ግን ገና አላወቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉሮሮ የከተማው አዋጅ ነጋሪ ነበር። ስሙን ያወጣለት ድምፁ ነው፤ እሱ ገበያ ላይ ሲያነጥስ ወንዝ ማዶ ያሉት «ይማርህ» ይሉታል። ባለፈው ዓመት ከአገረ ገዢው ዘንድ ማኅተም ያለበት ብራና መጣና ገበያው ደረጃ ላይ ወጥቶ አነበበው፦

«በበሬ የገባ ሸቀጥ ሁሉ፣ ከአራት እጅ አንዱን እጅ ለግምጃ ቤቴ ይክፈል።»

ሕዝቡ ተያየ። በበሬ የገባ! በዚያን ጊዜ ሁሉም ነገር የሚገባው በበሬ ጋሪ ነው። የከተማው በር ጠባቂዎችም ማንበብ የሚባል ነገር አያውቁም፤ የጉሮሮን ድምፅ ግን ያውቃሉ። በማግስቱ አናጢው በበሬ ጋሪ ጠረጴዛ ጭኖ መጣ። የበሩ አለቃ ዙሪያውን ዞረና እግሮቹን ቆጠረ። አራት ናቸው። መጋዝ አስመጣና አንዱን ቆርጦ ለግምጃ ቤት አስቀመጠ።

«ምነው ጌታው!» አለ አናጢው።

«ከአራት አንድ ነው ወንድሜ። እኔ ምን ላድርግ፣ ቆጥሬው አይደል?»

አልጋ የጫነ አንድ እግር ሄደበት። መስታወት የጫነው ሩቡ ተቆረጠበትና የሰፈሩ ሴቶች ለብዙ ጊዜ አንድ ጉንጫቸውን ሳያዩ ኖሩ። ባለ ጋሪው ራሱ ከአራቱ ጎማዎች አንዱ ሲወሰድበት በሩ ሥር ተጋድሞ ቀረ። አናጢዎች ብልጥ ነን ብለው ባለ አምስት እግር ጠረጴዛ መሥራት ጀመሩ። ጠባቂዎቹ የአምስት ሩብ ስንት እንደሆነ ሲከራከሩ በሩ ተዘግቶ ዋለ፤ ጭራሽ ከመካከላቸው ሁለቱ ተኳረፉ።

ከዚያ አንዱ ጨው ነጋዴ በአህያ መጣ።

«በሬ ነው?» አለ የበሩ አለቃ።

«ኧረ አህያ ነው። ጆሮውን አታየውም?»

«እለፍ።»

ያቺ «እለፍ» ከተማዋን ለወጠቻት። በወሩ መንገዱ በአህያ፣ በበቅሎ፣ በፈረስ፣ በሰው ትከሻ ተጨናነቀ። አንዱ ፍየሎቹን በሰልፍ አስሮ በየጀርባቸው ትንንሽ ከረጢት ጫነ። ብርጭቆ ነጋዴው ዕቃውን በዝይዎች አንገት አንጠልጥሎ ነዳቸው፤ ሲገቡ የሠርግ ደወል ይመስላሉ። ወሬው ሩቅ አገር ደረሰ፦ «በበሬ ካልመጣህ የማይነኩህ ከተማ አለ» ተባለ። ሰምቶ የቀረ የለም። ጋሪ ሠሪው ሳምንት አለቀሰና የእጅ ጋሪ መሥራት ጀመረ፤ ከዚያ ወዲያ ለማልቀስ ጊዜ አላገኘም። ሱቅ በሱቅ ላይ ተደረበ፣ መንገድ ከመንገድ ተወለደ። በሬዎቹ ብቻ ሥራ ፈት ሹማምንት መስለው መሃል መንገድ ላይ ይተኛሉ።

ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያበላው ደግሞ አንድ ወፍጮ ነው፤ ወንዙ ዳር ያለው፣ የጉሮሮ ታላቅ እህት ከአባቷ የወረሰችው። ባለወፍጮዋ ይሏታል። ድሮ ለጥቂት ቤት የሚፈጨው ድንጋይ ቀንም ሌትም ሲሽከረከር ሲሽከረከር አንድ ቀን እንደ ብስኩት ለሁለት ተሰነጠቀ። ጋጋሪዎቹ ምድጃቸውን አጠፉ። ባለወፍጮዋ ተራራው ላይ ወዳሉት ድንጋይ ጠራቢዎች ወጣችና «ለዚህ ሁሉ ሰው የሚሆን ፈልፍሉልኝ» አለቻቸው። ፈለፈሉላት። ካስተዋላችሁ፣ ማንም «እንዴት ታወርጅዋለሽ?» ብሎ አልጠየቃትም፤ እንደዚያ ዓይነት ሴት ናት።

በበሬ ብታስጎትተው ቀላል ነበር። ግን ሩቡ የተቆረጠ የወፍጮ ድንጋይ ወፍጮ አይሆንም፤ የተገመጠ ዳቦ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ወጣ።

ጉሮሮን ከሸንተረሩ ጀርባ ሆና የላከችው እሷ ናት።

«አንተ ጉሮሮ፣ ቀድመህ ውረድና ለበሩ አለቃ ንገረው። በሬ የለም በለው። ጭራው እንኳ የለም በለው። መጋዙን ሰቅሎ ይጠብቀን።»

«እሺ እትዬ።»

«እሺ አትበለኝ፣ አጥርተህ ንገር። እማማ ሽንኩርት ግዛ ብላ ስትልክህ ሽክርክሪት ይዘህ የመጣህ ሰው ነህ።»

«ልጅ ነበርኩ እኮ እትዬ!»

«አሁንም ጢም አበቀልክ እንጂ ጆሮህ ያው ነው። በል ሩጥ!»

ለዚህ ነው የሚሮጠው።

በሩ ጋ ሲደርስ ግን ከሩጫው በላይ ትንፋሹን የሚያሳጥር ነገር ጠበቀው። ሰንደቅ ተተክሏል። ባለ ጠመንጃ ወታደሮች ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። ከበሩ ውጭ ዕቃ የተከመረባቸው ጋሪዎች ቆመዋል፤ የሚጎትቷቸው በሬዎች ናቸው! ጉሮሮ በሬ ጋሪ ሲጎትት ካየ ስለቆየ መጀመሪያ የታመሙ መሰሉት። ከፊት፣ ግራጫ ፈረስ ላይ፣ አገረ ገዢው ራሳቸው ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ናቸው፤ ዝም ብለው ከበሩ በላይ የሚጨሰውን የጭስ ማውጫ ብዛት ያያሉ። አጠገባቸው የግምጃ ቤቱ ሹም፣ ቀጭን፣ መነጽሩ በሰንሰለት የታሰረ፣ ብራናውን ይዞ ይንቆራጠጣል። የበሩ አለቃ ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል።

«አንድ ዓመት!» ይላል ሹሙ። «ከዚህ ሁሉ ከተማ ለግምጃ ቤት የገባው ምንድን ነው? የጠረጴዛ እግር! ክምር የጠረጴዛ እግር!»

«የአልጋም አለበት ክቡር ሹም» አለ የበሩ አለቃ ቀስ ብሎ።

«ዝም በል! አዋጁን ለሕዝብ ያነበበው ማነው?»

ጉሮሮ ወደ ኋላ ሊል ሲል ነጋሪቱ ከግንቡ ጋር ተጋጨና ድም! አለ። ሁሉም ዞረው አዩት።

«እኔ ነኝ ክቡር ሹም።»

«ና። አንብበው እስቲ እንደገና።»

ጉሮሮ ጉሮሮውን ጠረገና አነበበ። «በበሬ የገባ ሸቀጥ ሁሉ...»

«በምን?»

«በበሬ።»

«በምን አልክ?»

«በበሬ ክቡር ሹም። ያው እምቧ የሚለው።» እንዳይሳሳቱ በጣቱ ቀንድ ሠርቶ አሳያቸው።

ሹሙ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ ያ ደግሞ ከጩኸቱ ይብሳል። «በበሬ ነው የሚለው» አለ፤ ረ'ዋን እንደ ኮርቻ ጠፍር ጥብቅ አድርጎ። «በ-በ-ሬ! ይጠብቃል! አዋጁን የሚናገሩት ጌታችን ናቸው። በሬ ማለታቸው የእኔ በር ማለታቸው ነው። ይኸ በር!» ብሎ የከተማውን በር በቡጢ መታው።

ጉሮሮ በሩን ገና ዛሬ እንደተሠራ ነገር አየው። ከላይ እስከ ታች አየው።

«እኔ እኮ» አለ በመጨረሻ፣ «ጌታችን በሬ ላይ ምን አስጨነቃቸው እያልኩ ሲገርመኝ ነው የከረምኩት።»

«የት ነው የተማርከው አንተ?»

«ፊደል ቆጥሬያለሁ ክቡር ሹም። ረ ላይ ስንደርስ መምህሬ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ያለውን በግምት ነው። ረ ትጠብቃለች ብሎ የነገረኝ የለም።»

አንድ ወታደር ሳቁን በሳል ለወጠው። ገዢው አልሳቁም፤ አልተቆጡም። ዓይናቸው አሁንም ጭስ ማውጫዎቹ ላይ ነው።

«ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ» አለ ሹሙ ለበሩ አለቃ፣ «በዚህ በር ያለፈ ሁሉ፣ በአህያም ይምጣ፣ በትከሻም ይምጣ፣ በዝይም ይምጣ፣ ከአራት አንድ! አብራችሁን የመጣችሁ ድንጋይ ጠራቢዎች፣ መሮአችሁን ይዛችሁ ወዲህ ኑ፤ መጋዝ የማይበግረው ሊመጣ ይችላል።» ከዚያ ቀና አለ። «ያ ምንድን ነው?»

ሁሉም ቀና አሉ።

ድንጋዩ ሸንተረሩ ላይ ወጥቶ ነበር። የጠዋት ፀሐይ ከበስተጀርባው ናት። መጀመሪያ የታየው ጥቁር ክብ ነው፤ መሃሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ብርሃኑ ሲፈስ ተራራው ዓይኑን የገለጠ መሰለ። ሥሩ ያሉት ሰዎች ጉንዳን አያህሉም። ድምፃቸው አይሰማም፤ የሚሰማው ምድር ውስጥ ለውስጥ የሚመጣ ጉርምርምታ ብቻ ነው። ጥላው ከሱ ቀድሞ ቁልቁለቱን ወረደ፣ ሜዳውን አቋረጠ፣ የፈረሶቹን እግር ነካና ፈረሶቹ ጭጭ አሉ። የገዢው ፊት ጨለመ፤ ተቆጥተው ሳይሆን ጥላው ደርሶባቸው ነው።

«የወፍጮ ድንጋይ ነው» አለ የበሩ አለቃ፣ በሹክሹክታ፣ ቤተ መቅደስ እንደገባ ሰው። «እሷ ናት። በእውነት አመጣችው።»

ሹሙም ለትንሽ ጊዜ አፉን መዝጋት ረስቶ ነበር። ሲያስታውስ ግን ወደ ጠራቢዎቹ ዞረ። «ከእሱም» አለ፣ «ሩቡን።»

ጉሮሮ ያን ቃል ሲሰማ ድንጋዩን ተገምጦ አየው። እህቱን አየ፣ ገመድ የጋጠውን መዳፏን አየ። የዛሬ ዓመት አንዲት ረ አላላና ይኸው! ጉብታው ላይ ዘሎ ወጣ። ነጋሪቱን ደበደበ። ሳንባው ውስጥ ያለውን አየር ሁሉ አጠራቅሞ ለቀቀው፦

«እትዬ! ቁሙ! አትውረዱ! በሬ አይደለም! በር ነው! በሬ አይደለም!»

እንዲህ ዓይነት ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልተሰማም ይባላል። ግን ሜዳ ሜዳ ነው፣ ነፋስም ነፋስ ነው። ላይ የደረሰው ይኼ ብቻ ነበር፦

«...በሬ! ...በሬ!»

ከኋላ ሆነው ድንጋዩን የያዙት ሰዎች የጉሮሮን ድምፅ ያምናሉ። ዓመት ሙሉ ያመኑት ድምፅ ነው። ዞር አሉ። እዚያው፣ ከጀርባቸው፣ ያ ሰባ ያለው በሬ አፍንጫውን በልብስ ሰፊው ትከሻ ላይ ሊያሳርፍ ምንም አልቀረው። የመጣው ወሬ ለማየት ነበር፤ ልብስ ሰፊው ግን ይህን በምን ይወቅ? «በሬ!» ብሎ ጮኸና ዘለለ። እሱ ሲዘል ጋጋሪዎቹ ዘለሉ። ገመዱ ከእጅ ወጣ።

ድንጋዩ ለአንዲት ቅጽበት ዝም ብሎ ቆመ። እንደሚያስብ።

ከዚያ መጣ።

ከፊት የነበሩት እንደ መጋረጃ ግራና ቀኝ ተከፈቱ። የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ሲነጥር ግንዱ ከቀዳዳው ወጥቶ እንደ ጦር ወደ ሰማይ ተወረወረ፤ የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ብቻውን ነበር። ባዶ ክብ፣ የማንም ያልሆነ፣ ቀጥ ብሎ የሚሮጥ። ሲመጣ አልጮኸም፤ ድምፁ ከጆሮ በታች ሆኖ ጥርስ ውስጥ ነበር የሚሰማው። ሣሩ ከፊቱ ይተኛል። ወፎች ሜዳውን ጥለው ሲነሡ አንድ ላይ ተነሡ፣ ሰማዩ ተገለበጠ። ቦዩ ጋ ሲደርስ ይሰምጣል ያሉት ሲዘል አዩት፤ በአየር ላይ እያለም ይሽከረከር ነበር፣ ፀሐይዋም በቀዳዳው ብልጭ አለች። ጉሮሮ ነጋሪቱን አቅፎ ቆሟል። መሮጥ እንዳለ ረስቶታል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው አጣ።

«በሩን ዝጉ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ ማን እንደተናገረው አልታወቀም፣ ለምን እንደሚጠቅምም አልታወቀም። ጠባቂዎቹ ገብተው በሩን ዘጉት፣ መወርወሪያውን ወረወሩ። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን ደገኑበት፤ አንዱ «ቁም! ማነህ?» ማለቱ እውነት ነው። ሹሙ የራሱ አልጋ የተጫነበት ጋሪ ላይ ዘሎ ወጣና ከአልጋው ሥር ገባ። ገዢው ብቻ አልተንቀሳቀሱም። ፈረሳቸው እየተንቀጠቀጠ ነው፤ እሳቸው ግን ልጓሙን ይዘው ድንጋዩን ዓይን ለዓይን ያዩታል።

በቀጥታ ወደ በሩ ይመጣ ነበር። ግን መንገዱ ላይ የቡጢ ያህል የምትሆን ጠጠር ነበረች። ድንጋዩ ጫፉን አሳረፈባት፣ ትንሽ ዘንበል አለ፣ ጨዋ ሰው ሰላምታ ሲሰጥ እንደሚያደርገው። በሩን በአንድ ክንድ ሳተው።

ግንቡ የአያት የቅድመ አያት ነበር። ሲመታ አልፈረሰም፤ ተከፈተ። አቧራው እንደ ነጭ ዛፍ ወደ ላይ ተነሣ። ከአቧራው ወዲያ፣ ከተማው ውስጥ፣ ድንጋዩ በዋናው የገበያ መንገድ ላይ በባለ ሦስት እግር ጠረጴዛዎች መሃል ለመሃል ሄደ፣ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ቀነሰ፣ የውሃ ጉድጓዷን አንዴ ዞራት፣ ቦታ የሚመርጥ ይመስል። ቆመ። አልወደቀም። አንድ ሰው አልነካም፣ አንድ ዕንቁላል አልሰበረም፤ ዕንቁላል ሻጯ ግን «ሁለት ሄደብኝ» ትላለች፣ ከሷ ጋር አልከራከርም።

ዝይዎቹ እንኳ ዝም አሉ።

ገዢው ከፈረሳቸው ወረዱ። ልጓሙን ይዘው በተከፈተው ግንብ በእግራቸው ገቡ፤ ሌላው ሁሉ ከኋላቸው ተከተለ፣ ሹሙም ጭድ ከፀጉሩ እያራገፈ። ገዢው መንገዱን እያዩ ሄዱ። ግራ ሱቅ፣ ቀኝ ሱቅ፣ በሱቁ ላይ ሱቅ። የጨርቅ ጥቅል፣ የመዳብ ድስት፣ በረድፍ የተሰቀለ ጫማ። ሩብ የጎደለው መስታወት ፊት ቆመው ራሳቸውን አዩና አንድ ጆሮ አጡ።

«ይኼ ሁሉ መቼ መጣ?» አሉ። የመጀመሪያ ቃላቸው ይኸ ነበር። «እኔ የማውቀው ገበያው መሃል ሣር በቅሎበት ነው። ውሻ ይተኛበት ነበር።»

«ውሻው አለ ጌታዬ» አለ የበሩ አለቃ። «የሚተኛበት ነው ያጣው።»

በዚህ መሃል ባለወፍጮዋ ደረሰች። ከሸንተረሩ እስከዚያ ሮጣ ነው የመጣችው፤ ከቅንድቧ እስከ እግሯ አቧራ ናት። ገዢውን አላየችም፣ ወታደሩን አላየችም። በመሃላቸው አልፋ ድንጋዩ ጋ ሄደች። ዳር ዳሩን በመዳፏ እየዳሰሰች ዞረችው። ዞራ ስትጨርስ ግንባሯን አስደገፈችበት።

«ሙሉ ነው» አለች ለራሷ። «አንዲት ፍንካች የለውም።»

«እንግዲህ ይኖረዋል» አለ ሹሙ። «ጠራቢዎች! ሩቡን ለዩልኝ!» አንደኛው ጠራቢ ከሰል አውጥቶ መስመር ለማስመር ጠጋ አለ። እጁ ግን አልታዘዝ አለው።

ባለወፍጮዋ ዞራ ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጠች። «ለምን ሲባል? በበሬ አልጎተትኩት።»

«እትዬ» አለ ጉሮሮ ከሰዉ መሃል፣ ከዚያ በፊት ማንም ባልሰማው ቀጭን ድምፅ። «በበሬ አይደለም ለካ። በጌታችን በር የገባ ነው የሚለው። እኔ ነኝ ያላላሁት።»

«ሽክርክሪት» አለችው። ከዚያ ወደ ሹሙ ዞረች። «እሺ፤ በጌታችን በር የገባ ነው?»

«በጌታችን በር የገባ ሁሉ!»

«በየትኛው በር ነው የገባው ታዲያ?»

ሹሙ እጁን ዘርግቶ ወደ በሩ አመለከተ። ሁሉም ዞረው አዩ። በሩ እንደተዘጋ ነው። መወርወሪያው እንደተወረወረ ነው። አጠገቡ፣ በአንድ ክንድ ርቀት፣ ግንቡ ላይ ሰማይ ይታያል።

መጀመሪያ የሳቁት ገዢው ነበሩ። ሳቁ ከሩቅ የመጣ ነው፤ ብዙ ዓመት ተቀምጦ የዛገ ሳቅ። «ጸሐፊ!» አሉ። «ጻፍ። ይኸ ድንጋይ በበሬ አልገባም፤ በበሬም አልገባም።»

ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ፣ ቆመ። «ጌታዬ... አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ልጻፈው?»

«ጻፈው። የሚያነበው ይጨነቅበት።»

ሕዝቡ ሳቀ። ሹሙ አልሳቀም፤ እውነቱ ከእሱ ጋር ስለነበር በሳቅ የሚታለፍ ሰው አልነበረም። «ድንጋዩስ ይሁን ጌታዬ» አለ። «ከተማውስ? ይኸ ሁሉ ዕቃ በበርዎ ነው የገባው። ነገም የሚገባው በበርዎ ነው። ቃሉ ይጠብቃል፤ ማኅተምዎ ያለበት ቃል ነው።»

ሳቁ ጠፋ። አናጢው ሳያውቀው የጠረጴዛውን ሦስት እግሮች በእጁ ከለለ። ጨው ነጋዴው አህያውን ወደ ጓሮ መሳብ ጀመረ። አንዲት ሴትዮ ሱቋ ላይ የሰቀለችውን ጨርቅ ታወርዳለች፤ ለማሸግ ይመስላል።

«ክቡር ሹም» አለች ባለወፍጮዋ፣ አሁን ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ድንጋዩን ይህን ያህል ያስፈለፈልኩት ይኸን ሁሉ ሰው አይቼ ነው። በሩ ከጠበቀ ሰው ወደ ሌላ ይሄዳል። ድንጋዩ ሙሉ ሆኖ ቢተርፈኝ ለማን ልፈጭበት? ለውሻው?»

ገዢው ድንጋዩን አዩ፣ ግንቡን አዩ፣ ሰዉን አዩ። ብራናውን ከሹሙ እጅ ወስደው ለጉሮሮ ሰጡት።

«አዋጅ ነጋሪ።»

«አቤት ጌታዬ።»

«አንብብ።»

ጉሮሮ ደረጃው ላይ ወጣ። ቃሏ እዚያው አለች፤ ሦስት ፊደል፣ ያችው። ይጥበቅ ወይስ ይላላ ብራናው አይናገርም። ወደ ሹሙ አየ፤ ሹሙ ጥርሱን ነክሶ ረ'ዋን ያጠብቅለታል። ወደ እህቱ አየ፤ እሷ ዓይኗን ጨፍናለች። ወደ ገዢው አየ።

ገዢው እሱን አያዩትም። ወደ ፈረሳቸው ዞረዋል። ፈረሱ ከድንጋጤው ገና አልወጣም፣ ጎኑ አረፋ ይዟል፣ የኮርቻው ጠፍር ሆዱን አንቆታል። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በገዛ ጣታቸው ጠፍሩን ትንሽ ላላ አደረጉለት።

ፈረሱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

ጉሮሮ አየ። አየር ሳበ።

«በበሬ የገባ ሸቀጥ ሁሉ!» አለ፤ አላልቶ፣ አለስልሶ፣ ረ'ዋን እንደ ቅቤ አቅልጦ፤ ድምፁም በግንቡ ቀዳዳ ወጥቶ ሜዳውን አቋርጦ ሸንተረሩ ላይ ደረሰ ይባላል። ላይ የቀረው ያ ሰባ ያለው በሬ ስሙን ሰምቶ «እምቧ» አለ።

ሌላ «እምቧ» መለሰለት። ከቅርብ ነበር፣ ከበሩ ውጭ።

የበሩ አለቃ ቀስ ብሎ ሄዶ መወርወሪያውን ሳበ፣ በሩን ከፈተ። ሁለት ትልልቅ በሬዎች የግምጃ ቤቱን ሹም ጋሪ እየጎተቱ፣ ማንም ሳይነዳቸው፣ ጥላ ፍለጋ ሰተት ብለው ገቡ። አለቃው ጋሪውን አየ። የጋሪውን ጭነት አየ። መጋዙን ከተሰቀለበት አወረደ፤ ዝጎ ነበር፣ በጉልበቱ ጠረገው።

«ክቡር ሹም» አለ፣ በታላቅ አክብሮት፣ «አልጋዎ ስንት እግር ነበረው?»

ከዚያ የተነሣውን ሳቅ ገዢው አልሰሙትም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ድንጋዩ ሥር ቆመዋል። መዳፋቸውን አሳርፈውበታል፣ እንደ ባለወፍጮዋ። ድንጋዩ ገና ይሞቅ ነበር።